ግሽበቱ ቀነሰ ሲባል ገበያው ለምን አልቀነሰም?



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን የተነሳው ገርጂ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ካቀረቡልን ጥያቄ ነው። «በሬዲዮ የዋጋ ግሽበት ቀነሰ ሲባል እሰማለሁ። በማግስቱ ሾላ ገበያ ስሄድ ግን የቀነሰ ነገር አላገኝም። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ሽሮውም እንደተወደደ ነው፤ እንዲያውም ጥቂት ጨምሯል። ታዲያ ማንን ልመን?» ይላሉ።

እኚህ እናት ቀጥለው ሌላ ከበድ ያለ ጉዳይ አንስተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድማቸው 100 ሺህ ብር አበድረውት ነበር። ዘንድሮ ወንድማቸው ያንኑ 100 ሺህ ብር ይዞ መጣ። እሳቸው «ይህ ብር ያኔ ይገዛ የነበረውን አይገዛም፤ ተጎድቻለሁ» አሉ። እሱ ደግሞ «ከተበደርኩት በላይ ብከፍል ሪባ አይሆንብኝም ወይ?» አለ። በዚህ የተነሳ እህትና ወንድም ለዒድ እንኳ ሳይጠያየቁ ቀሩ። እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ግሽበት ምን እንደሆነ በትክክል የተረዳ ሰው ለሁለተኛውም ጥያቄ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው እንጀምር።

ግሽበት የሚለካው እንዴት ነው?

በሀገራችን የዋጋ ግሽበትን የሚለካው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ቀደም ሲል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል።

በመጀመሪያ፣ በየጥቂት ዓመቱ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን በምን ላይ እንደሚያወጡ በዝርዝር ይጠየቃሉ። ስንቱ ለእህል፣ ስንቱ ለዘይትና ለቅመም፣ ስንቱ ለቤት ኪራይ፣ ስንቱ ለትራንስፖርት፣ ስንቱ ለልብስ እንደሚወጣ ይመዘገባል። ይህ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ይባላል። ከነዚህ ጥናቶች አንዱ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ነው። ከጥናቱ ውጤት የአንድ አማካይ ቤተሰብ አስቤዛ የተሞላበት አንድ ትልቅ ዘንቢል በሐሳብ ይዘጋጃል። በ2008ቱ ጥናት ላይ በተመሠረተው ዘንቢል ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቦታ የያዘው ምግብ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በየወሩ የሚሠራ ነው። ዋጋ ሰብሳቢዎች ወደ ገበያዎች እየወጡ በዘንቢሉ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ስንት እንደሚሸጡ ይመዘግባሉ። የዘንቢሉ ዋጋ ለመነሻ በተመረጠው ጊዜ 100 ነበር ተብሎ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወር ሁሉ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው መነሻ እ.ኤ.አ. የ2016 ዲሴምበር ወር ነው። ይህ ቁጥር የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ይባላል። የዚህ ወር ዘንቢል ከአምናው ተመሳሳይ ወር ዘንቢል በመቶ ስንት እንደጨመረ ሲሰላ ደግሞ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ይባላል።

ዜና ስንሰማ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። አንደኛ፣ የምግብ ግሽበትና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎች ግሽበት ለየብቻ ይነገራሉ። ሁለተኛ፣ ከዓመታዊው ግሽበት ሌላ የ12 ወር አማካይ የሚባልም አለ። አማካዩ ያለፉትን ወራት አብሮ ስለሚይዝ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲሄድ ቀስ ይላል። በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የሰማ ሰው አንዱ ሐሰት ነው ብሎ እንዳይደመድም ይህን ልብ ይበል።

ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ ዋጋው አልወረደም

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። አንድ ዕቃ አቻምና 1,000 ብር ነበር እንበል። አምና 30 በመቶ ጨምሮ 1,300 ብር ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ በ1,300ው ላይ 15 በመቶ ጨምሮ 1,495 ብር ገባ። በዚህ ጊዜ ዜናው «ግሽበቱ ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ» ይላል። እውነቱን ነው። ገበያ የወጣችው እናት ደግሞ «195 ብር ተጨመረብኝ» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። የዋሸ የለም።

ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄድ ታክሲ ፍጥነቱን ከ60 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ወደ መገናኛ እየተመለሰ ነው አንልም። ቀስ ይበል እንጂ ወደ አያት እየቀረበ ነው። የግሽበት ቁጥር የሚነግረን ፍጥነቱን ነው። ዋጋ ወረደ የሚባለው ታክሲው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ማለትም ግሽበቱ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ነው።

በሀገራችን ይህ ፍጥነት እጅግ የጨመረባቸው ጊዜያት አሉ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ወደ 40 በመቶ ገደማ፣ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 በመቶ ገደማ ነበር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. 20 በመቶ ገደማ የነበረው በሰኔ 2017 ዓ.ም. ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከነዚህ ጭማሪዎች በኋላ የፍጥነቱ መቀነስ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል የተጨመረው ዋጋ ተመልሶ አልተነሳም። በዓመት 30 በመቶ ሲጨምር ዋጋ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እጥፍ ይሆናል፤ በ20 በመቶ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ10 በመቶ ደግሞ ሰባት ዓመት አልፎ ጥቂት ወራት ሲቆጠሩ እጥፍ ይሆናል።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ግሽበት አለው

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ዘንቢሉ የአማካይ ቤተሰብ እንጂ የእርስዎ ቤት ዘንቢል አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ በወር 20 ሺህ ብር የሚያወጣ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። 11 ሺህ ለምግብ፣ 5 ሺህ ለኪራይ፣ 2 ሺህ ለትራንስፖርት፣ 2 ሺህ ለሌላው ያወጣል። በዓመቱ ምግብ 15 በመቶ፣ ትራንስፖርት 30 በመቶ፣ ሌላው 10 በመቶ ጨመረ፤ አከራዩ ግን አልጨመሩም እንበል። ያው አስቤዛ አሁን 22,450 ብር ይፈጃል። የዚህ ቤት ግሽበት 12 ከሩብ በመቶ ገደማ ነው።

ጎረቤቱ ደግሞ ልጆች የበዙበት፣ ኪራይ የማይከፍል፣ ከ20 ሺህ ብሩ 16 ሺሁን ለምግብ፣ የቀረውን 4 ሺህ እኩል ለትራንስፖርትና ለሌላው የሚያወጣ ነው። በዚያው ገበያ፣ በዚያው ዋጋ ወጪው 23,200 ብር ይሆናል። የእሱ ግሽበት 16 በመቶ ነው። ገበያው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ቤቶች እኩል አልተጎዱም።

ኧርነስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ጥናት ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከወጪው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህ ዛሬም በሰፈራችን የሚታይ ነው። ቦሌ ከመንገድ ወዲህ ትልቅ ሕንፃ፣ ከመንገድ ወዲያ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ አለ። የእህል ዋጋ ሲጨምር ባለ ሕንፃው ላይሰማው ይችላል፤ ባለ አንድ ክፍሉ ግን ከልጆቹ ማዕድ ላይ ይቀንሳል። ወደ ቦሌ አራብሳ ወይም ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ደግሞ የታክሲና የአውቶቡስ ወጪው ስለሚበዛ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ቶሎ ይነካዋል።

ወቅትንም ማሰብ ያስፈልጋል። ረመዷን ሲገባ ቴምር፣ ዘይት፣ የሳምቡሳ ዱቄትና የሾርባ እህል ይፈለጋል፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይጨምራል። ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ በአንድ የፈረንጆች ወር ላይ አይረጋም። የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የሥጋ፣ የቅቤና የእንቁላል ገበያ ይቀዛቀዛል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ጾሞች የገቡት በየካቲት ወር ነበር። ስለዚህ የአንድ ወር ዋጋ ብቻ አይቶ ኑሮው ዘላለም እንዲህ ሆነ ማለት አይገባም። የዘንድሮውን ረመዷን ወጪ ከአምናው ረመዷን ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ዋጋ ለምን ይጨምራል?

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ግብፃዊው ዓሊም አል-መቅሪዚ (አላህ ይዘንላቸው) በሀገራቸው ስለተከሰተው ረሃብና የዋጋ ንረት አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኚህ ዓሊም ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታትም የጻፉ በመሆናቸው ለእኛ እንግዳ አይደሉም። አል-መቅሪዚ የንረቱን ምክንያት ሲዘረዝሩ ከድርቅ በተጨማሪ የሹማምንትን ብልሹነት፣ በገበሬው ላይ የተጫነውን ከባድ ግብርና ከልክ በላይ የተሠራጨውን የመዳብ ሳንቲም ጠቅሰዋል። ሳንቲሙ በበዛ ቁጥር የሚገዛው ዕቃ አነሰ።

የዛሬውም ምክንያት ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንደኛ፣ የገንዘቡ መጠን ከምርቱ በላይ ሲበዛ ዋጋ ይንራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ የጣለው ይህን ለመግታት ነበር። ሁለተኛ፣ ድርቅና ግጭት ምርትን ሲቀንሱ ወይም መንገድን ሲዘጉ እህል ወደ ከተማ አይደርስም። ሦስተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው ይህ ለውጥ እስከ ጓዳችን ይደርሳል።

አራተኛው ምክንያት የሰው እጅ ነው። ሰው እየተቸገረ ዋጋ እስኪወደድ ብሎ እህል ማከማቸት ኢሕቲካር ይባላል፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የሚያደርግ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን አስተምረዋል። በቁርኣን ውስጥም ሱረቱል ሙጦፊፊን ሲለኩ የሚያጎድሉትን ታወግዛለች። ዋጋውን እንዳለ ትቶ ሚዛኑን የሚያጎድል ነጋዴ በዚህ ውግዘት ሥር ይወድቃል።

ታዲያ መንግሥት ዋጋ ቢወስን አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸውም ዋጋ በአላህ እጅ መሆኑን ነግረው፣ የማንንም ሰው ሐቅ ሳይነኩ ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ገለጹላቸው። ኢብኑ ተይሚያን የመሳሰሉ ዑለማዎች ግን ነጋዴዎች ሲያድሙ ወይም ሲያከማቹ ሕዝብን ለማዳን መተመን እንደሚቻል ተናግረዋል። በሀገራችን በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን ወጥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዱ ዕቃ ከገበያ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በአብዛኞቹ ላይ ተመኑ ተነሳ።

የእህትና የወንድም ብድር

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ1988) ኩዌት ላይ ባካሄደው ጉባኤ በወረቀት ገንዘብ የተወሰደ ብድር የሚመለሰው በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው መጠን እንደሆነ ወስኗል። ብድሩን ከዋጋ ግሽበት ቁጥር ጋር ማሰርም አይፈቀድም ብሏል። ከቀደምት ዑለማዎች መካከል የአቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ በዘመናቸው ስለነበረው የመዳብ ሳንቲም ሲናገሩ እሴቱ ይታሰብ የሚል አስተያየት ነበራቸው። አካዳሚው የወሰነው ግን ከላይ ያልነውን ነው። እንግዲህ እናታችን 115 ሺህ ወይም 150 ሺህ ብር መጠየቅ መብታቸው አይደለም።

ይህ ማለት ግን የወንድማቸው ኃላፊነት በዚህ አበቃ ማለት አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰዋል፤ ከሰው ሁሉ መልካሙ ዕዳውን ባማረ ሁኔታ የሚከፍል መሆኑንም አስተምረዋል። ቀድሞ ውል ሳይኖር፣ አበዳሪዋም ሳትጠይቅ፣ ተበዳሪው በገዛ ፈቃዱ በክፍያው ጊዜ ጨምሮ ቢሰጥ ሪባ አይደለም፤ መልካም አከፋፈል ነው። ስለዚህ ወንድም «ሪባ እንዳይሆንብኝ» ብሎ የፈራው ነገር በሩ አልተዘጋበትም። መክፈል እየቻለ ያዘገየ ከሆነ ደግሞ የቻለ ሰው ማዘግየቱ በደል መሆኑን ማወቅ አለበት። በግሽበት ዘመን የሚዘገይ እያንዳንዱ ወር ከአበዳሪው ገንዘብ ላይ ይቀንሳል።

ለወደፊቱ ገንዘባቸው እንዳይሟሽሽ የሚፈልጉ ሰዎች ከመጀመሪያው ወርቅ በግራም ወይም ጤፍ በኩንታል አበድረው ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ መጠን መቀበል ይችላሉ። ይህ ሲደረግ የሚሰጠው ወርቁ ወይም ጤፉ ራሱ መሆን አለበት። ብር ሰጥቶ በወርቅ ሒሳብ ማስመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ዓሊም ይጠየቅበት። ሁሉም ብድር ተጽፎና ምስክር ቆሞለት ይሁን።

ሌሎች ልብ ያላልናቸው አማናዎች

ግሽበት የሚነካው ብድርን ብቻ አይደለም። በቤታችን የምትሠራ ልጅ ደመወዟ አምና 4 ሺህ ብር ቢሆን፣ ዘንድሮም ያው 4 ሺህ ከሆነና ዋጋ 15 በመቶ ከጨመረ፣ ደመወዟ የሚገዛው ዕቃ ወደ 3,500 ብር ገደማ ወርዷል። አልቀነስንባትም እንላለን፤ ገበያው ሲቀንስባት ግን ዝም ብለናል። ለወላጆቻችን በየወሩ የምንልከውም እንዲሁ ነው።

እቁብንም እንመልከት። 20 ሰዎች በየወሩ 5 ሺህ እየጣሉ 100 ሺህ ብር ይወስዳሉ እንበል። የመጀመሪያው ሰው በመጀመሪያው ወር ይወስዳል፤ የመጨረሻው ደግሞ በ20ኛው ወር። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ የሚጨምር ከሆነ የመጨረሻው ሰው 100 ሺህ ብር በመጀመሪያው ወር 80 ሺህ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ስለዚህ በግሽበት ጊዜ እቁብን አጭር ማድረግ፣ በተከታዩም ዙር የመጨረሻውን ሰው ማስቀደም መተሳሰብ ነው።

ዘካም አለ። ኒሷቡ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር (የማዕድኑ ብር) ነው። በገንዘብ ሲተመን ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። አቻምና በሰማነው የብር ቁጥር ዛሬ መቁጠር ስህተት ላይ ይጥላል። ዓመት በሞላበት ቀን የገበያውን ዋጋ ጠይቆ ማስላትና ሁለት ተኩል በመቶውን ማውጣት ይገባል።

ምን እናድርግ?

በቅድሚያ እያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይኑረው። በየወሩ ዘወትር የሚገዛቸውን አሥር ዕቃዎች ይመዝግብ። ሲመዘግብ በመደብ ወይም በጣሳ ሳይሆን በኪሎና በሊትር ይሁን፤ የመደቡ ሽንኩርት ዋጋው ሳይለወጥ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላልና። ከዓመት በኋላ የዚያን ቤት ግሽበት ከሬዲዮ ሳይጠብቅ ራሱ ያውቀዋል። ባልና ሚስት «ገንዘቡን ምን አደረግሽው?» «ያመጣኸው አይበቃም» ከመባባል ደብተሩን አብረው ቢያዩ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ቀጥሎ፣ የእሑድ ገበያና የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዋጋን ከሰፈሩ ሱቅ ጋር ማመዛዘን፣ ከጎረቤት ጋር ተጣምሮ ጤፍ በኩንታል መግዛት ይጠቅማል። ለቤት ፍጆታ የሚሆን እህል ማስቀመጥ ኢሕቲካር አይደለም። ዕቃ ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ከሚያስፈልገው በላይ መሸመት ግን ራሱ ዋጋን ያስወድዳል። ገንዘብ ተቀማጭ ያላቸው ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች መኖራቸውን አውቀው በትርፍና ኪሳራ መጋራት የሚሠራ ሐላል መንገድ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። በ18 ዓ.ሂ. ድርቅ በመታበት ዓመት ሕዝቡ ቅቤ እስኪያገኝ ድረስ እሳቸውም ቅቤ ከመብላት ታቅበው ነበር። የሕዝቡን ችግር ለማወቅ የራሳቸውን ማዕድ ከሕዝቡ ማዕድ ጋር አስተካከሉ።

ለእናታችንና ለወንድማቸው የምንለው ይህ ነው። እናታችን ሆይ፣ 100 ሺሁን ተቀብለው ዕዳው እንደተከፈለ ይናገሩ፤ ለጎደለው አጅሩን ከአላህ ይጠብቁ። ወንድማችን ሆይ፣ የተበደርከውን ከመለስክ በኋላ እህትህ ሦስት ዓመት ታግሳ የከፈለችልህን አስብ። ያላትን ስትሰጥህ ያላትዋ እየቀነሰ እንደነበር አሁን ቁጥሩን አይተሃል። አቅምህ የፈቀደውን፣ አንድ ኩንታል ጤፍም ቢሆን፣ ይዘህ በሯን አንኳኳ።

አላህ ሪዝቃችንን ያስፋልን፤ ባለን ነገር በረካ ያድርግልን። አላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።